ዳኞቹ ሳይወጡ ድንኳኑ አይከፈትም

በሰሜን እንግሊዝ፣ በዮርክሻየር ዴልስ ሸለቆዎች፣ በአገሩ በጋ ማብቂያ ላይ የገበሬዎች ትርዒት ይደረጋል። ከቀትር በኋላ ወደ ትልቁ ድንኳን የሚገባ ሰው የሚያየው ያለቀለትን ነገር ነው። ኬኩ ተቆርጧል፤ ማርማላታው ተቀምሷል፤ ሹራቡ ተገልብጦ ታይቷል፤ ካርዶቹም በየቦታቸው ተቀምጠዋል። ሰዉ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየተጋፋ "ይሄ በምን አንደኛ ወጣ? ያኛውስ ምን ጎደለው?" ይባባላል። መልሱን የሚያውቁት ጠዋት መጋረጃው ተዘግቶ ሳለ ውስጥ የነበሩት ጥቂት ሰዎች ናቸው።

እኔ ከእነሱ አንዷ ነኝ። በአንዲት አነስተኛ የሸለቆ ትርዒት፣ በእጅ ሥራና በምግብ ድንኳን ውስጥ የዳኛ ረዳት ሆኜ አገለግላለሁ። ያገሬው ሰው "ስቱዋርድ" ይለዋል። የትርዒቷን ስም የማልጠራው የዳኞቼን ውሳኔ በአደባባይ እንዳልፈታ ብዬ ነው። አሠራሩ ግን የሚደበቅ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙ ሰው ቢያውቀው እወዳለሁ። ስለዚህ ጠጋ በሉና ልንገራችሁ።

የእነዚህ ትርዒቶች ዕድሜ ረጅም ነው። በደቡብ ምዕራብ ያለው የባዝ ኤንድ ዌስት ማኅበር በ1777 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የዮርክሻየር የግብርና ማኅበር በ1837፤ የመላ እንግሊዙ ማኅበር ደግሞ በ1838 ተቋቁሞ በዓመቱ ኦክስፎርድ ላይ የመጀመሪያውን ትርዒት አሳየ። ሐሳቡ ቀላል ነበር። ገበሬ የተሻለ ኮርማ፣ የተሻለ ዘርና የተሻለ ማረሻ በዓይኑ ካየ፣ ቤቱ ሲመለስ የራሱን ያሻሽላል። ሽልማቱም ሰው ያለውን ምርጥ ነገር ይዞ እንዲወጣ መገፋፊያ ነው። ዛሬ ታላቁ የዮርክሻየር ትርዒት በየሐምሌው ሃሮጌት ከተማ ላይ አራት ቀን ይውላል። በዋርፍዴል ሸለቆ ደግሞ ከ1897 ጀምሮ የሚታወቀው የኪልንሲ ትርዒት አለ። በነሐሴ ማብቂያ፣ ከሰኞው የሕዝብ ዕረፍት በማግሥቱ፣ ከአንድ ትልቅ የተንጠለጠለ ገደል ሥር ይደረጋል፤ ሯጮችም ያንኑ ገደል ዞረው ወጥተው ይወርዳሉ። የእኔዋ ከሁሉም ታንሳለች፤ ሥርዓቷ ግን ያው ነው።

ካርዱ በፊቱ ይደፋል

ነገሩ የሚጀምረው ከወራት በፊት በሚታተም አንድ ቀጭን የውድድር መመሪያ ነው። እያንዳንዱ ምድብ ቁጥርና መግለጫ አለው፦ ሦስት ቡናማ እንቁላል፤ አንድ ጠርሙስ የእንጆሪ ማርማላታ፤ በእጅ የተሠራ የሕፃን ሹራብ፤ የአውራ በግ ቀንድ እጀታ ያለው ከዘራ፤ ለልጆች ከአትክልት የተሠራ እንስሳ። የመመዝገቢያው ክፍያ ሳንቲም ነው ማለት ይቻላል፤ ሽልማቱም ጥቂት ፓውንድ፣ ብዙ ጊዜ የኬኩን ቅቤ ዋጋ እንኳ የማይመልስ። ለገንዘብ ብሎ የሚመጣ የለም።

በዋዜማው ማታና በትርዒቱ ዕለት ማለዳ ሰው ዕቃውን ይዞ ይደርሳል። ገበሬው እንቁላሉን በኮፍያው ውስጥ አድርጎ ይመጣል፤ አያቲቱ ኬኳን በጉልበቷ ላይ አስቀምጣ መኪና ውስጥ ትንፋሿን ይዛ ተጉዛለች። እኛ ረዳቶቹ ነጭ ወረቀት የለበሱትን ጠረጴዛዎች በምድብ ከፋፍለን እንቀበላለን። በየሥራው አጠገብ ትንሽ ካርድ ይቀመጣል። ስም ያለበት ገጽ ወደ ታች ይደፋል፤ ወደ ላይ የሚታየው ቁጥሩ ብቻ ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን (ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ነው የምናገረው) መቀበል ይቆማል፤ መጋረጃው ይዘጋል። አሥር ደቂቃ ዘግይቶ የደረሰ ሰው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበርም ቢሆን፣ ዕቃውን ይዞ ይመለሳል።

ከዚያ ዳኞቹ ይገባሉ። ብዙውን ጊዜ ከሌላ ሸለቆ የመጡ፣ የሠፈሩን ሰው የእጅ ባሕርይ የማያውቁ ናቸው። ከየዳኛው ጋር አንድ ረዳት ይቆማል። የረዳቱ ሥራ ክዳን መክፈት፣ ማንኪያ ማቀበል፣ ዳኛው የሚለውን መጻፍና ውጤቱ ሲወሰን ካርዱን መገልበጥ ነው። አፉ ግን ዝግ ነው። "ይሄ የእገሌ ይመስለኛል" የሚል ቃል ከወጣው ሁለተኛ ዓመት አይጠራም። የማውቀው ሰው ሥራ ያለበት ምድብ ሲደርስ እኔ ወጥቼ ሌላ ረዳት ይተካኛል። ይህን ማንም ሳይነግረው ሁሉም ያደርገዋል።

የመጀመሪያው ምስጢር እዚህ ጋ ነው። ከውድድሩ የሚወድቀው አብዛኛው ሰው የሚወድቀው በሙያ ማነስ አይደለም፤ መመሪያውን ባለማንበብ ነው። ሦስት እንቁላል ሲባል አራት ያመጣ፣ ያልተጌጠ ኬክ ሲባል አናቱን በክሬም የሸፈነ፣ ጠርሙሱ ላይ የፋብሪካ ስም የተቀረጸበት፣ ሁሉም አንድ ትንሽ ካርድ ይጠብቃቸዋል። "ከመመሪያው ውጭ" ይላል። ዳኛው ከዚያ በኋላ ሥራውን አይቀምሰውም፤ ቢቀምሰውም አያወዳድረውም። በጠረጴዛው ላይ ካሉት ሁሉ የጣመው ማርማላታ እንዲህ ሆኖ ሲቀር ዓይኔ እያየ ያልፋል፤ እጄን ግን አላነሳም። ለአንዱ የታጠፈ መመሪያ ለሌላው ሁሉ በደል ነውና።

ማንኪያው፣ ብርሃኑና የእንቁላሉ አስኳል

የኬኩን ጠረጴዛ ላሳያችሁ። በእንግሊዝ የውድድሮች ሁሉ ራስ ቪክቶሪያ የሚባለው ኬክ ነው፤ ሁለት ንጣፍ፣ መሐሉ የእንጆሪ ማርማላታ፣ ላዩ ላይ ስስ ስኳር። ያው ነው። ብልሃተኞቹ እንቁላሉን ከነቅርፊቱ ይመዝኑና ቅቤውን፣ ስኳሩንና ዱቄቱን በዚያው ልክ ያደርጋሉ። ዳኛዋ ቢላ ከማንሳቷ በፊት ጎንበስ ብላ ከጎን ታየዋለች። ሁለቱ ንጣፎች እኩል ናቸው? ጠርዙ አሮ ጠቁሯል? ላዩ ላይ ኬኩ የቀዘቀዘበት ሽቦ መስመር ታትሞበታል? ብዙ ሰው የሚሸነፈው በዚህ የሽቦ ምልክት ነው። ኬኩን ሲያወጡ በንጹሕ ፎጣ ላይ ገልብጠው፣ መልሰው አቅንተው ሽቦው ላይ ቢያስቀምጡት ምልክቱ ከሥር ይቀር ነበር። ከዚያ ትቆርጣለች፤ ቀዳዳው ትልልቅ ነው ወይስ የተስተካከለ? መቅመስ የመጨረሻው ነው፤ ቁራሹም ጥፍር ታክላለች። በአንድ ጠዋት ብዙ ኬክ የሚቀምስ ሰው ሆዱን መጠበቅ አለበት፤ ለዚህ ነው ውኃና ቁራሽ ፖም ከአጠገቧ የማይጠፋው።

ማርማላታ ሲመጣ ዳኛዋ መጀመሪያ ወደ ብርሃን ታነሳዋለች። አረፋ፣ ጭረትና የጣት አሻራ ፈልጋ ትመረምራለች። ጠርሙሱ እስከ አፉ መሞላት አለበት፤ የጎደለ ጠርሙስ አየር ይይዛል፤ አየር ደግሞ ሻጋታ ይጠራል። ጽሑፉ የፍሬውን ስምና የተሠራበትን ቀን፣ ወርና ዓመት መያዝ አለበት። ክዳኑ አዲስ ይሁን። በብዙ ቦታ የሰም ወረቀትና የብረት ክዳን ባንድ ላይ ማድረግ አይፈቀድም፤ አንዱን መምረጥ ነው። ይህ ጥብቅነት ከሜዳ የመጣ አይደለም። በብሪታንያ በ1915 የተጀመረው የገጠር ሴቶች ማኅበር፣ ዊመንስ ኢንስቲትዩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት ፍሬ እንዳይባክን ከመንግሥት ስኳር እየተቀበለ በ1940 ብቻ ከ1,600 ቶን በላይ ማርማላታና የመሳሰለውን አዘጋጅቷል። ሕዝብ በራሽን በሚኖርበት ዘመን የተበላሸ አንድ ጠርሙስ የቀረ ቁርስ ነበር። የዛሬዎቹ ዳኞች መለኪያ ያን ጊዜ ከተያዘው ጥንቃቄ ጋር ይዛመዳል፤ ማኅበሩም እስከ አሁን ዳኞችን ያሠለጥናል።

እንቁላልን ብዙ ሰው ምን ይወዳደራል ይላል። ዳኛው ግን ከሁሉም በላይ የሚያከብረው ምድብ ሊሆን ይችላል። ሦስቱ በመጠን፣ በቅርጽ፣ በቀለምና በቅርፊት ልስላሴ አንድ መሆን አለባቸው፤ ንጹሕ ይሁኑ፤ ታሽተው እንዲያብረቀርቁ ግን አይፈለግም። ከዚያ አንዱ ሳህን ላይ ይሰበራል። ጥሩ እንቁላል አስኳሉ ወደ ላይ ጉብ ይላል፤ ነጩም ሁለት ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ ወፍራሙ አስኳሉን ይከብበዋል፤ ስሱ ከውጭ ይንጣለላል። የቆየ እንቁላል ግን ሳህኑ ላይ ተዘርግቶ ይቀራል። ሰውዬው ትናንት ነው የተጣለው ብሎ ቢምል እንቁላሉ ራሱ ይመሰክርበታል።

የማር ዳኞች ልማዳቸው ለብቻ ነው። ነጭ ጋዋን ይለብሳሉ፤ ኮፍያም ይደፋሉ። በቀለም መለኪያ መስታወት ማሩን ብሩህ፣ መካከለኛና ጥቁር ብለው ይለያሉ። ክዳኑን ሲከፍቱ መጀመሪያ አፍንጫቸውን ነው የሚያቀርቡት፤ መዓዛው ከተከፈተ ቅጽበት በኋላ ይሸሻል። ከዚያ በመስታወት ዘንግ ጫፍ ነክተው ይቀምሳሉ። በብሪታንያ ሕግ የማር ውኃ ከመቶ 20 መብለጥ የለበትም፤ ከሄዘር አበባ ለሚገኘው ግን እስከ 23 ይፈቀዳል። ያ የዮርክሻየር ኮረብታ ማር በጠርሙሱ ውስጥ እንደ ረጋ ወተት ይቆማል፤ ሲያነቃንቁት ይፈሳል፤ ሲተዉት መልሶ ይረጋል። በውስጡ የታሰሩት ጥቃቅን የአየር ነጥቦች በሌላ ማር ነውር ሲሆኑ በእሱ ግን የእውነተኛነቱ ምልክት ናቸው። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ከሆነችው አገር የመጣ ሰው እዚህ ጠረጴዛ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። እኔም አላልፍም።

ሹራቡ ሲገለበጥ

የእጅ ሥራ ዳኛ ሥራውን የምትመለከተው በውስጡ በኩል ነው። ሹራብ ትገለብጣለች፤ የክሮቹ ጫፍ ተሸሽጎ ገብቷል ወይስ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል? መጋጠሚያው ላይ መስመሮቹ ይገጥማሉ? የቁልፍ ቀዳዳዎቹ እኩል ተራርቀዋል? ጥልፍ ከሆነ ጀርባውን፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሰፋ ብርድ ልብስ ከሆነ አራቱን ማዕዘኖች ታያለች። ፊቱን ማሳመር ብዙ ሰው ይችላል፤ ጀርባውን ማንም አያየኝም ብሎ ያልተወው ግን ጥቂት ነው። ዳኛ የምትፈልገው ያንን ሰው ነው።

ከዘራ በዚህ አገር ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። እንጨቱ ብዙ ጊዜ ሄዝል ከሚባል ዛፍ ይቆረጥና ቢያንስ አንድ ዓመት ይደርቃል። እጀታው የአውራ በግ ቀንድ ነው፤ በሙቀት ይለሰልሳል፣ በጉጠት ይጨመቃል፣ ይጎብጣል፣ ይሞረዳል፣ ይወለወላል። ዳኛው ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን ቀንዱና እንጨቱ በተጋጠሙበት ላይ ያንሸራትታል። ጣቱ ከተሰናከለ መጋጠሚያው አልያዘም ማለት ነው። ከዚያ ያነሳውና ሚዛኑን ይፈትሻል፤ ያምራል ግን ወደ ፊት ይከብዳል ከተባለ አንደኛ አይሆንም። የእረኛ ከዘራ ከሆነ ደግሞ የእጀታው ክፍተት የበግ እግር ይዞ የማይለቅ፣ ሳይጎዳም የሚይዝ መሆን አለበት። የድሮ ሰዎች በአሮጌ የፔኒ ሳንቲም ይለኩት ነበር።

ፈትልም የውድድር ምድብ አለው። ይህን ሳውቅ በሊድስ የሚኖሩ አንዲት እናት ትዝ አሉኝ። ከአገር ቤት የመጣላቸውን ጥጥ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶ አድርገው፣ ቴሌቪዥን እያዩ ሳይቀር እንዝርታቸውን ያሾራሉ። ሄጄ ነገርኳቸው።

"እማማ፣ ይህን ፈትል ለውድድር ያስገቡት እንጂ።"

"ኧረ ተይኝ ልጄ! በፈረንጅ ድግስ መሐል የእኔ እንዝርት ምን ትሠራለች?"

"ዳኛዋ የማን እንደሆነ አያውቁም። ቁጥሩን ብቻ ነው የሚያዩት።"

ዝም አሉና፣ "ስሜ አይታይም?" ብለው ጠየቁ።

"እስኪፈረድ ድረስ አይታይም።"

"እንግዲያው ይሁን። ሥራዬ ከሰው ሥራ ጋር ይተያይ።"

ያን ጠዋት የፈትሉ ምድብ ሲደርስ እኔ ወጥቼ ሌላ ረዳት ገባች። ቀትር ላይ ስመለስ የእማማ ካርድ ተገልብጦ ስማቸው ይታያል፤ አጠገቡ ሰማያዊ ካርድ ቆሟል። በእንግሊዝ ልማድ ቀይ አንደኛ፣ ሰማያዊ ሁለተኛ፣ ቢጫ ሦስተኛ ነው። አሜሪካ ያላችሁ በእናንተ አገር አንደኛው ሰማያዊ ስለሆነ እንዳትሳሳቱ። ዳኛዋ በእርሳስ ጥቂት ቃል ጽፈዋል፤ ቅጥነቱ እጅግ የሚደነቅ እንደሆነ፣ ወደ መጨረሻው ግን ግምዱ ትንሽ እንደላላ። አንደኛ የወጣው የሱፍ ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለዋወጠም ነበር።

ጽሑፉን አነበብኩላቸው። ይከፋቸዋል ብዬ ሠግቼ ነበር። እሳቸው ክሩን ጫፉ ጋ ይዘው በጣታቸው አሹት። "እውነቷን ነው" አሉ። "እዚህ ጋ ዓይኔ ደክሞኝ ነበር። እንዲህ አይቶ የነገረኝ እናቴ ብቻ ነበረች።" በሌላው ዓመት ሳልጠይቃቸው መመሪያውን አምጪ አሉኝ።

ወረንጦና ካብ

ከድንኳኑ ውጭም ሕዝቡ የማያየው ሥራ አለ። በዚህ አካባቢ የከበረው በግ ስዌልዴል ነው፤ ፊቱ ጥቁር፣ አፍንጫው ዙሪያ ነጭ፣ ቀንዱ የተጠመዘዘ። በ1954 የተቋቋመው የዮርክሻየር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ ዓርማ ያደረገው የዚህን አውራ በግ ራስ ነው። ማለዳ ወደ በጎቹ በረት ብትሄዱ ግዙፍ እጅ ያላቸው ገበሬዎች በወረንጦ ከበጉ ጥቁር ፊት ላይ ነጩን ፀጉር አንድ በአንድ ሲነቅሉ ታገኛላችሁ። የገላውንም ፀጉር ቀድመው ከኮረብታው በመጣ ጥቁር የረግረግ አፈር አቅልመውታል። ለማታለል አይደለም፤ ሁሉም ያደርገዋል፣ ዳኛውም ያውቃል። ዳኛው ቀለሙን አልፎ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፣ እግሩ ቀጥ ብሎ መቆሙን ያያል፣ ጀርባውን በእጁ ይዳስሳል። መንዝ ወይም ሆሮ በግ ሲገዛ ያደገ ሰው ይህን እጅ ወዲያው ያውቀዋል።

በጎቹ ወደ ትርዒት የሚመጡበት መንገድ ራሱ ቀላል አይደለም። አዲስ በግ ወደ እርሻው ከገባ ሌሎቹ ለስድስት ቀን እንዳይንቀሳቀሱ ሕግ ያግዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ለትርዒት እንዲወጡ ከተፈለገ ተለይተው መቆየት አለባቸው። የ2001 የአፍና የእግር በሽታ ከስድስት ሚሊዮን በላይ እንስሳት ካሳረደ ወዲህ ይህን ማንም አይቀልድበትም። ያን ዓመት ትርዒቶች ተሰርዘዋል፤ በ2020ም በኮቪድ ምክንያት እንዲሁ። ትርዒት በሌለበት በጋ ገበሬው ከጎረቤቱ ሳይገናኝ እንደሚከርም የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ከሜዳው ዳር ደግሞ የካብ ውድድር አለ። ለየተወዳዳሪው ከአሮጌ ካብ ላይ ልክ ተለክቶ ይሰጠዋል፤ አፍርሶ፣ ድንጋዩን በመጠን ለይቶ፣ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ እስከ ማታ ይክበዋል። ሕጉ ጥንታዊ ነው፦ አንዱ ድንጋይ በሁለት ላይ፣ ሁለቱ በአንድ ላይ፤ መጋጠሚያ በመጋጠሚያ ላይ ከወደቀ ካቡ በዚያ መስመር ይሰነጠቃል። ከሁለቱም ፊት የሚዘልቁ ረጃጅም ድንጋዮች ጎኖቹን ያያይዛሉ። ተመልካቹ ፊቱን ያደንቃል፤ ዳኛው ግን ካቡ ገና በግማሽ ሳለ መጥቶ መሐሉን ያያል። ጠጠሩ አንድ በአንድ ተጠቅጥቆ ነው የገባው ወይስ በአካፋ ተደፍቶ? ካቡ ሲያልቅ ይህ ስለማይታይ ካልመጣ አያገኘውም። እዚያ ስቆም ኮንሶ ይታየኛል። በ2011 በዩኔስኮ መዝገብ የሰፈረው የእርከን ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ እስከ አምስት ሜትር ይደርሳል፤ ካቡን የሠሩ እጆችም ከእነዚህ ዳኞች ምርመራ ፊት በኩራት ይቆሙ ነበር።

ለመሄድ ላሰባችሁ

ከልብ የምመክራችሁ ይህን ነው። ቦቲ ጫማ ይዛችሁ ሂዱ፤ ዝናብ የማይጥልበት የዴልስ ትርዒት ብርቅ ነው፤ ማታ ትራክተር መኪና ከጭቃ ሲጎትት ታያላችሁ። በጎቹንና የካቡን ውድድር ጠዋት እዩ። ድንኳኑ ሲከፈት ወዲያው ግቡ፤ ከስምንት ሰዓት በኋላ ሰው ስለሚጨናነቅ ዳኞቹ የጻፉትን ማንበብ አትችሉም። ከቀይ ካርዱ ይልቅ የእርሳሱን ጽሑፍ አንብቡ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ነው። ያልገባችሁ ነገር ካለ የደረት ምልክት ያለውን ረዳት ጠይቁ። ውጤት ከተነገረ በኋላ ምላሳችን ይፈታል፤ ማስረዳትም እንወዳለን። ልጆች ካሏችሁ መመሪያውን ከወዲሁ አስመጥታችሁ አስመዝግቧቸው። ከድንችና ከካሮት እንስሳ የሠራ ልጅ ሥራው በጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያይ በዚያ ሸለቆ እንግዳ መሆኑን ይረሳል።

እናንተም አስገቡ። ስፌት ለምትሰፉ፣ በብዙ መመሪያዎች ውስጥ "ማንኛውም ሌላ የእጅ ሥራ" የሚል ምድብ አለ፤ በወስፌ የተሰፋ ሞሰብ እዚያ ይገባል። ዳንቴል ለምትሠሩ ቦታው ሰፊ ነው። ማር የምታነቡ ካላችሁ፣ ማሩ የሄዘር መሆን አለመሆኑን እወቁና በየትኛው ምድብ እንደሚገባ ጠይቁ። በመጀመሪያው ዓመት ምንም ካርድ ባታገኙ እንኳ የዳኛውን ቃል ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ስለ ሌላ ነገር ስለማስብ ነው። አገር ቤት በየባዛሩና በየኤግዚቢሽኑ የሚቀርበውን ጋቢ፣ ስፌት፣ ሸክላና ማር አይቻለሁ። ከዚህ ድንኳን የሚያንስ ሥራ አይደለም፤ ብዙው ይበልጣል። የሚጎድለው ሠሪው ከሠሪ ጋር በአንድ መለኪያ የሚተያይበት፣ የጎደለውም በጽሑፍ የሚነገርበት ጠረጴዛ ነው። መለኪያ አስቀድሞ አውጥቶ በእሱ መፍረድ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመንዝ፣ በቦንጋና በሆሮ የበግ አርቢዎች ማኅበራት ለርቢ የሚቆየውን አውራ በግ የሚመርጡት የክብደቱን መዝገብ አይተው፣ ከራሳቸው መሐል በመረጧቸው ሰዎች ዓይን ነው። ይህንኑ ወደ ሸማኔው፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋና ወደ ፈታይዋ ማምጣት ብቻ ነው የሚቀረው።

ለእነሱ ደግሞ ስም የተደፋበት ካርድ ከማንም በላይ ዋጋ አለው። በእኛ አገር ሸማኔና ሸክላ ሠሪ ሙያቸው ሲፈለግ እነሱ ሲናቁ ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ለዚህ ነው። አዋጅ አፍን ይዘጋል፤ ዓይንን ግን አያስተካክልም። ዓይን የሚስተካከለው ሰው ሸክላውን አንስቶ፣ ግድግዳው እኩል መሳሳቱን ዳስሶ፣ ድምፁን አዳምጦ፣ አንደኛ ብሎ ከፈረደ በኋላ የማን እንደሆነ ሲያነብ ነው። ስለዚህ በወረዳችሁ ባዛር የምታዘጋጁ፣ ትንሽ ጀምሩ፤ አንድ የጀበና ምድብ፣ አንድ የፈትል ምድብ፣ አንድ የማር ምድብ። መለኪያውን ከወራት በፊት ጽፋችሁ በትኑ። ዳኛውን ከሌላ ወረዳ ጥሩ። ስሙን ድፉት። ፍርዱን ከነምክንያቱ ጻፉ። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው አንድ ድንኳን፣ ጥቂት ጠረጴዛና አፉን የሚዘጋ ረዳት ነው፤ ረዳቱ ከጠፋ እኔ እመጣለሁ።